ለእናቴ ቀን የተቀመጠ ዜማ

አልበሜን ሰምቶ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ያለፈ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ አንዱን ጆሮ ነቀል ያደርግና በትሕትና፣ «አሪፍ ነው፤ ዘፋኙ ግን መቼ ነው የሚገባው?» ይለኛል። ዘፋኝ የለም። ዘጠኝ ሙዚቃ፣ ከአርባ ደቂቃ የሚበልጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም የሰው ድምፅ የለበትም። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታርና ድራም ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ወጥ የሌለው እንጀራ የቀረበላቸው ይመስል ፊታቸው ይለወጣል። «ታዲያ ክላሲካል ነው በለኛ!» ይላሉ። በእኛ አገር ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። ድራሙ ጣራ የሚያነሣ ሄቪ ሜታልም ቢሆን ያው ክላሲካል ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከር ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

እንጀራዬ ግን ከቃል ነው የሚገኘው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ለሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። የውርስ፣ የቤት፣ የፍቺ፣ የይግባኝ፣ የመጣው ሁሉ። ባለጉዳዩ አጠገቤ ይቀመጥና ታሪኩን ከአያቱ ጀምሮ ይተርክልኛል። እኔ የሁለት ሰዓቱን ወሬ ወደ ሁለት ገጽ አወርደዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ «እንዲወሰንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ እዘጋዋለሁ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። እኔ ዘንድ የሚመጡት አፋቸው ለዚያ ያልበቃላቸው ናቸው። ለእነሱ አፍ ሆኜ ስውል፣ ማታ ቤቴ ስገባ ቃል የሚባል ነገር ያንገሸግሸኛል። እናቴ «እንዴት ዋልክ ልጄ?» ስትለኝ እንኳ «እም» ብዬ ወደ ክፍሌ አልፍ ነበር። ጠባየ ክፉ ነኝ፤ አልደብቅም። አልበሙን ያለ ቃል የሠራሁት ፍልስፍና ኖሮኝ አይደለም። ቃል ስለሰለቸኝ ነው።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና እናቴ ብቻ። ድሮ ቤታችን ጌጃ ሰፈር ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ ገባን። አልበሙን የቀዳሁት መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ድራሙን የሚመታልኝ ኮምፒውተሩ ነው፤ የጊታሩን ገመድ እሱ ላይ ሰክቼ ማዳመጫ ካደረግሁ ያ ሁሉ ጩኸት የእኔ ጆሮ ውስጥ ይቀራል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ክሩ ሲነካ የሚያወጣው ትንሽ ቅጭልጭል ብቻ ነው። እናቴ ሳሎን ውስጥ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች፣ እኔ በአንዲት ቀጭን ግድግዳ ወዲህ ሰማይ እሰነጥቃለሁ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ሳንጋጭ ኖርን። በዐቢይ ጾም ግን ጊታሩን አልነካም ነበር። እኔ ብዙም ጿሚ ሆኜ አይደለም፤ እሷ ቅር እንዳይላት ነው።

እሑድ እሑድ አጎቴ ይመጣ ነበር። የእናቴ ታናሽ ነው፤ ያላት ወንድምም እሱ ብቻ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል። የመጀመሪያ ጊታሬን የገዛልኝ እሱ ነው፤ በየሳምንቱ እየመጣ የሚሰድበኝም እሱ ነው።

«ስድስት ቀን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቆረጥ እሰማለሁ» ይላል፣ ማዳመጫውን ከጆሮው እያወለቀ። «በሰባተኛው ቀን ላርፍ እህቴ ቤት ስመጣ፣ አሁንም ቆርቆሮ ልስማ?»

«ጋሼ፣ ጊታሩን የገዙልኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ክራር መስሎኝ ነዋ!»

እናቴ በዚህ ጊዜ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ብዙ የምትስቅ ሴት አይደለችም። ከአባቴ ሞት ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ከወንድሟ ጋር ስትሆን ብቻ ነው። ሲሄድ ደረጃው ድረስ ትሸኘውና ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ትቆማለች።

አባቴ የሞተው እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ጊታሩን ካገኘሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። ጌጃ ሰፈር ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው ተሰበሰበ። እናቴ ዝምተኛ ናት፤ ግጥም ታውቃለች ብሎ የጠረጠራት አንድም ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከተቀመጠችበት ተነሣች። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን አጠገቧ ቆማ ትቀበላት ጀመር። እናቴ እንዲህ ብላ አለቀሰች፦

ማታ ትመጣ ነበር ጫማህ እያንኳኳ፣
ዛሬ በሩን ብከፍት የሰው ኮቴ ለካ።

«ለካ» የምትለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወደ ላይ ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይሰበራል። ደጋግማ ስታለቅሰው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነበር የሚሰበረው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሴት ሁሉ ከእሷ ጋር ሲሰበር ይሰማኝ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ አባቴን እወደው ነበር። ነገር ግን እያለቀስኩ ሳለ የግራ እጄ ጣቶች በጋቢው ሥር ጭኔ ላይ ዜማውን ይፈልጉ ነበር። የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚሰበር፣ የትኛው ክር ላይ እንደሚገኝ። አባቴ ገና ሣልስቱ ሳይወጣ እኔ የእናቴን እንባ እየሰረቅሁ ነበር። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ለሰው ነግሬውም አላውቅ።

ከዚያ በኋላ እንደ ደንቡ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም። እናቴ ጊታሩን በአባቴ አሮጌ ካፖርት ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣችው። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ራሷ አውርዳ ሰጠችኝ።

ወደ አልበሙ ልመለስ። አምስቱን ሙዚቃ ጨርሼ ስድስተኛው ላይ ተቀረቀርኩ። ግማሹ ተሠርቷል፤ አንድ ደቂቃ ያህል የሚደበድብ ድራምና የሚያጓራ ጊታር አለው። ከዚያ በኋላ ግን ምን መምጣት እንዳለበት አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተር የለም፣ ማዳመጫም የለም፤ በባትሪ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለችኝ፣ ጊታሩን እሷ ላይ ሰካሁት። ዝም ብዬ ጣቶቼን ሳንሸራሽር ሁለተኛውን ክር ወደ ላይ ገፋሁት። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊደርስ ሲል እጄ ላላ። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው አወቁት። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው በሩ ተበረገደ።

እናቴ ነበረች። ልብስ ስታጥብ ስለነበር እስከ ክርኗ ድረስ ሳሙና ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«አትደብቀኝ፤ ማን ሞተ? ወንድሜ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ጊታር እየተለማመድኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

«እኔ የት አለቀስኩ? ሙዚቃ ነው እኮ።»

«እኔን ሙዚቃ ነው ትለኛለህ?» አለች። «የገዛ ለቅሶዬን አላውቀውም?»

አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። የሳሙናው አረፋ ከእጇ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው የማያውቀውን ዜማ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያልተሰማ፣ በዚያ ላይ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከመታጠቢያ ቤት ሆና ለይታዋለች። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። አድማጭ አገኘሁ ብዬ ነው። እሷ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ነበረች። ሰው ሳይሞት ለቅሶ ማልቀስ ለእናቴ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ትንንሾች ሳለን ከሰፈሩ ልጆች ጋር አሻንጉሊት ቀብረን ለቅሶ ስንጫወት ካገኘችን በጭራሮ ነበር የምትገርፈን። ሟርት ነው፤ የተጠራ ይመጣል ትላለች።

ተከራከርኳት። ሥራዬ ነውና መከራከሪያ አላጣሁም። ቃል የለበትም፣ ስም አልተጠራበትም፣ ቃል የሌለው ነገር ደግሞ ለቅሶ ሊባል አይችልም አልኳት። ጨርሼ እስክዘጋው ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝና፣

«እሺ፣ ጣትህ ወስዶታል፤ አልቀማህም» አለችኝ። «ግን ለእኔ ቀን አቆየው። እኔ ስሞት ትጫወተዋለህ፤ የሰማ ሁሉ ያልቅስልኝ። እስከዚያ ድረስ እዚህ ቤት አይሰማ።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃኝም። ልደታን በል።»

«ልደታን!» አልኩ።

ተነሥታ ወደ ልብሷ ሄደች።

አሁን ያደረግሁትን ልናገር። እዚህ ቤት አይሰማ ነው ያለችኝ፤ አይቀዳ አላለችኝም። አሥራ ስድስት ዓመት በሰው ውል ውስጥ ቀዳዳ ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ የእናቴን ቃል ቀዳዳ ለማግኘት አንድ ቀን አልፈጀብኝም። መብራት ሲመጣ ማዳመጫዬን አጥልቄ፣ እሷ ሳሎን ተቀምጣ እያለች፣ ለቅሶዋን ቀዳሁት። ቤት ውስጥ አልተሰማም። ስድስተኛው ሙዚቃ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ድብደባ በኋላ አገባሁት። እውነት ለመናገር ከዘጠኙ የሚረባው እሱ ነው። የቀረው የጣት ፍጥነት ነው።

አልበሙ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ብዙ የሆነ ነገር የለም። ልደታ ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚሰማ ሰው ልቁጠር ብል የእጄ ጣት ይተርፋል። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሁለተኛውን ሙዚቃ ወሰደው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ከፍቼ ሰማሁ፤ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ እያነበቡበት ነው። አጎቴ ግን ሱቁ ውስጥ በስልኩ እየሰማው ደወለልኝ።

«ስድስተኛዋ ምንድን ናት?» አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «የቀረው ቆርቆሮ ነው፤ ይህቺ ግን አንጀቴን በላችው። እህቴን አስታወሰችኝ።»

ባለጉዳይ መጣብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እናቴ ስለ አልበሙ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ። «ያ ነገር አለበት?» አለች።

«የለበትም» አልኳት፣ ሻይ እየቀዳሁ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳ ስትመለስ ደረጃው ላይ ወደቀች። ጎረቤቶች ተሸክመው አወረዷት፤ እኔ ከሥራ ስደርስ ሆስፒታል ገብታለች። ስትሮክ ነው አሉኝ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፣ አስቀምጦ አስረዳኝ። የደም ግፊቱ የቆየ ነው፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጠው አልቀረችም አለኝ። ሰማሁት፤ አእምሮዬም ተቀበለው። ሆዴ ግን አልተቀበለውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ የፈራችውን እኔ ቀድቼ፣ አሳምሬ፣ ዓለም እንዲሰማው አውጥቼዋለሁ። አጉል እምነት ነው ብዬ የናቅሁት ነገር በዚያ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ቤት ስትመለስ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም ነበር። አንደበቷም ተያዘ። የሚባለው ሁሉ ይገባታል፤ ከአፏ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እንግዲህ»። ለምን እሱ እንደቀረላት ሐኪሙም አላወቀም። ውሃ ስትፈልግ እንግዲህ ነው፣ ስትናደድ እንግዲህ ነው፣ ደህና ዋልሽ ወይ ስትባልም እንግዲህ ነው። እኔ ቃል ሰለቸኝ እያልኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ «እም» ስላት የኖርኩ ሰው፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አንዲት ሌላ ቃል እንድትጨምርልኝ እለምናት ጀመር።

አጎቴ አሁን በየቀኑ ይመጣል። ሱቁን ዘግቶ ይመጣና በራሱም በእሷም ፈንታ ይናገራል፤ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል።

«በስልሳ ዓመትሽ እንዲህ ተስማምተሽልኝ አታውቂም» ይላታል።

«እንግዲህ» ትላለች፣ በግማሽ ፊቷ እየሳቀች።

ሲሄድ ተነሥታ ልትሸኘው ባትችልም፣ ኮቴው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን ከበሩ ላይ አታነሣም ነበር።

አንድ ሰኞ ቀን ሱቁ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ልብ ነው አሉ። ለእኔ ከሰዓት በኋላ ነገሩኝ። ለእናቴ ግን መርዶ በወጉ መነገር አለበትና በማግስቱ ማለዳ ሁለት የእድር ሽማግሌዎችና የድሮዋ የጌጃ ሰፈር ጎረቤታችን መጡ። እሷም እንደኛው ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሁለት ብሎክ አልፎ ነው የምትኖረው። እናቴ በዚያ ሰዓት ሦስቱን አብረው ስታያቸው ወዲያው ገባት። አንድ በአንድ ፊታቸውን ተመለከተች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች፤ ረዘም አድርጋ አየችኝ።

«እንግዲህ» አለች።

ድንኳኑ ብሎኮቹ መሐል ተተከለ። እሷን በወንበር ተሸክመን አወረድናት። ታላቅ እህት ናት፤ ሴቶቹ እሷ እስክትጀምር ይጠብቃሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ጠበቁ። አፏን ከፈተች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲወጠር አየሁ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ዘጋችው።

«አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» አለቻት አንዷ።

«ደንዝዛለች፤ ያልገባት ነው የሚመስለኝ» አለች ሌላዋ፣ ጎኗ ላለችው።

ወንበር አንሥቼ ልወረውርባት ምንም አልቀረኝም። ከማንም በላይ የገባት እሷ ነበረች። እንባዋ ግን ከቃሏ ጋር ታስሮ ቀርቷል፤ አንዱ ሳይፈታ ሌላው አይፈታም። ሦስት ቀን ሙሉ በደረቅ ዓይን ተቀመጠች። ሣልስቱ ወጣ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። እሷ ግን እህል አልቀምስ አለች። ማንኪያ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በደህናው በግራ እጇ ደረቷን ትመታለች፤ በኃይል አይደለም፣ ቀስ እያለች፣ የተዘጋ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። በነቃችበት ሰዓት ሁሉ ይኸው ነው።

የጌጃ ሰፈሯ ጎረቤታችን አጥሚት ይዛ መጣች፣ መለሰችባት። «ያልወጣ ለቅሶ ሰው ይገድላል» አለችኝ በሩ ላይ። «እዚሁ ውስጧ ነው ያለው።»

በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነበር፤ እሷ እንደወጣች እናቴ አጠገብ ተቀምጬ እጇ ደረቷን ሲመታ ስቆጥር ነበር። ኮምፒውተሬ ክፍት ነው። ጊታሩ እንደ ድሮው በአባቴ ካፖርት ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ነንና። ለቅሶዋ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስድስተኛው ላይ ነው ያለው። ባጫውተው በልደታ የማልኩትን አፈርሳለሁ፤ ለቀኗ አቆየው ያለችኝን በቁሟ አሰማታለሁ፤ በእሷ እምነት ደግሞ ሞቷን በአፌ እጠራለሁ። ባላጫውተው ይሄ እጅ እስኪደክመው ድረስ እንዲህ ሲያንኳኳ ይኖራል። እኔ በማላምንበት ነገር እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ከዚህ በፊት ስሰርቃት ፈቃዷን አልጠየቅሁም፣ አሁን ስመልስላትም የምጠይቅበት ድፍረት የለኝም።

ከፈትኩት።

አጀማመሩን ረስቼዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያው ደቂቃ ድራምና የሚያጓራ ጊታር ነው። የለቅሶ ቤቱ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። ኮሪደሩ ላይ በር ሲከፈት፣ «ኧረ በማርያም!» ሲባል ሰማሁ። ጎረቤታችን ከደረጃው ገና መውረዷ ነበርና ተመልሳ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ጋኔን ነህ?» ጮኸችብኝ። «አፈሩ ሳይደርቅ! በለቅሶ ቤት ዳንኪራ! ዝጋው! ዝጋው እልሃለሁ!»

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ምን እታገሥሃለሁ፣ አንተ ባለጌ!»

እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ስትሰድ ድራሙ ቆመ። ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ክሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተሰበረ። የጎረቤታችን እጅ ባለበት ቀረ። የእናቴም እጅ ደረቷ ላይ ቆመ።

«ይሄማ...» አለች ጎረቤታችን። ወደ እናቴ ዞረች። «ይሄማ ያንቺ ነው።»

 ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ወገቧ ላይ አሰረችው፣ ጌጃ ሰፈር ድንኳን ውስጥ እንደቆመችው ሁሉ እናቴ አጠገብ ቆመች። ዜማው ሲመለስ ጠብቃ ገባችበት። ለአጎቴ አድርጋ፣ «እሑድ ትመጣ ነበር...» ብላ ጀመረች። እናቴ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። በግራ እጇ የጎረቤታችንን እጅ ያዘችና ጎትታ የራሷ ደረት ላይ አደረገችው። ጫን አድርጋ ያዘችው።

«ምን እያለች ነው?» አለችኝ ጎረቤታችን።

እኔ ገብቶኛል። «ለእኔ ነው እያለች ነው» አልኳት። «ለእኔ ቀን አቆየው ብላኝ ነበር።»

«በቁሟ?»

«እንግዲህ» አለች እናቴ።

ጎረቤታችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ከዚያ ቃሉን ለወጠችው፤

ማታ ትመጪ ነበር ጫማሽ እያንኳኳ፣
ዛሬ በሩን ብከፍት የሰው ኮቴ ለካ።

«ለካ» ላይ ስትደርስ የእናቴ አፍ ተከፈተ። ድምፅ ወጣ። ቃል አልነበረም። ከጊታሩ ጋር ወደ ላይ ወጣ፣ ከጊታሩ ጋር እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ለወንድሟ፣ ለአባቴ፣ ለማይታዘዘው እጇ፣ ለጠፋው ቃሏ፣ ለራሷ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አለቀሰችው። እኔ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግሯን ይዤ ነበር። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ አፌ አልታዘዘልኝም።

ስድስተኛው አልቆ ሰባተኛው ሲጀምር ተነሥቼ አቆምኩት። ሰባተኛው ፈጣን ነው። እናቴ በእንባዋ ውስጥ ሆና አየችኝ፤ መርዶው ቀን እንዳየችኝ ዓይነት አስተያየት ነው። የግራ እጇን ጣት አነሣችና በአየር ላይ አንድ ጊዜ አዞረችው። ድገመው ማለቷ ነው። ደገምኩላት። ሦስት ጊዜ ተለቀሰ። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶችም በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ ዝጋው ያለኝ ሰው የለም። ሲያበቃ ጎረቤታችን አጥሚቱን አሙቃ አመጣች፤ እናቴ ግማሹን ጠጣች።

ይህን ስጽፍ እናቴ ሳሎን ተቀምጣለች። ቀን ቀን ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልበሙን አልከፈትኩትም፤ እሷም ጣቷን አዙራ አልጠየቀችኝም። ቀኗ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጊታሬን አውርጄ እንድጫወትላት ይጠብቅ ይሆናል። የምጫወትላት የለኝም። ያቆየሁላትን ራሷ ወስዳዋለች።